ፍላጎትን እየተከተለ የሚሠራ ሪአክተር፦ ፈረንሳይ እንዴት አደረገችው?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2012፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አውሮፓ በብርድ ተቆራምዳ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ሰው ከሥራ ገብቷል፤ ማሞቂያ ተከፍቷል፤ ራት ተጥዷል። በዚያች ሰዓት አገሪቱ የጠየቀችው የኤሌክትሪክ ኃይል ከ102 ሺህ ሜጋ ዋት አለፈ። ክብረ ወሰኑ እስካሁን አልተሰበረም።

ኦገስት ላይ ሁሉም ለእረፍት ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። እሑድ ሌሊት ፍላጎቱ 30 ሺህ ሜጋ ዋት አካባቢ ይወርዳል። ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

አሁን ይህን ጨምሩበት። ፈረንሳይ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ከኒውክሌር ነው የሚመጣው። ስለ ኒውክሌር ደግሞ ስንሰማ የኖርነው ሌላ ነው። አንዴ ከተነሳ በአንድ ኃይል ቀጥ ብሎ ይሠራል፣ ከፍ ዝቅ ማድረግ አይወድም ይባላል። ታዲያ እንዲህ ከሆነ ፈረንሳይ መብራቷ ሳይጠፋ እንዴት ትኖራለች?

ቀድሜ አቋሜን ልናገር። ሪአክተር፣ ማለትም ዩራኒየም እየተሰነጠቀ ሙቀት የሚሰጥበት የኒውክሌር ምድጃ፣ ፍላጎትን መከተል ይችላል። የሚችለው ግን ከመጀመሪያው እንዲችል ተደርጎ ከተሠራ ነው። ብቻውን ሲሆን ደግሞ ይከብደዋል። ፈረንሳይ የተሳካላት የተለየ ጎበዝ ሪአክተር ስላላት አይደለም። ሃምሳ ምናምን ሪአክተሮች እየተፈራረቁ እንዲሠሩ ስላደራጀች ነው። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ነገር ልብ አይልም።

ነገሩ የጀመረው በነዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲሰቀል ፈረንሳይ የራሷ ነዳጅ እምብዛም አልነበራትም። በማርች 1974 ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ሜስሜር ሰፊ የኒውክሌር ግንባታ እንደሚጀመር አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ሪአክተሮች ተነሱ። አሁን 57 አሉ። 32ቱ 900 ሜጋ ዋት፣ 20ው 1,300 ሜጋ ዋት የሚባሉት ናቸው። አራቱ ከዚያ ይበልጣሉ። የመጨረሻው፣ ፍላማንቪል 3፣ ከኤሌክትሪክ መረቡ ጋር የተገናኘው በዲሴምበር 2024 ነው።

አሜሪካም ብዙ ሪአክተር አላት። እዚያ ግን ኒውክሌር ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ቀን ከሌሊት በሙሉ ኃይል ይሠራል። ከፍ ዝቅ የሚለው የጋዝ ጣቢያው ነው። ሂሳቡም ይህን ይደግፋል። የኒውክሌር ዋናው ወጪ ግንባታው ነው። ሪአክተሩን ግማሽ ላይ ብታቆመው የባንክ ዕዳው፣ ደሞዙና ጥበቃው አይቀንስም። የሚተርፍህ ጥቂት ነዳጅ ነው፤ ነዳጁ ደግሞ ከወጪው ትንሹ ነው። ስለዚህ ምርጫ ያለው ሁሉ ሪአክተሩን አይነካውም። ፈረንሳይ ግን ምርጫ አልነበራትም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኒውክሌር ከግማሽ አልፎ ሲሄድ፣ ሌሊት ላይ ሪአክተሮቹን ዝቅ ማድረግ የግድ ሆነ።

ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ሪአክተሮች ለዚህ የተሠሩ አለመሆናቸው ነበር። ንድፉ የመጣው ከአሜሪካው ዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ነው። ዩራኒየሙን የሚሰነጥቁት ኒውትሮን የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው። የሪአክተር ኃይል የሚቀነሰው እነዚህን ኒውትሮኖች የሚውጡ ዘንጎችን ወደ ነዳጁ መሀል በማስገባት ነው። አንድ የዘንግ ስብስብ 24 ቀጫጭን ዘንጎች አሉት። ዘንጎቹ ከብር፣ ከኢንዲየምና ከካድሚየም ቅይጥ ሲሠሩ ኒውትሮንን ክፉኛ ይውጣሉ። መሐንዲሶቹ ጥቁር ይሏቸዋል። ጥቁር ዘንግ ከላይ ሲገባ የላይኛው ክፍል ይጨልማል፤ እሳቱ ወደ ታች ይሸሻል። ነዳጁ እኩል አይነድም። ታች ያለው ከልክ በላይ ይሞቃል።

የፈረንሳይ መሐንዲሶች ያመጡት መላ ቀላል ነው፤ ብልህነቱም እዚያ ላይ ነው። ከ24ቱ ዘንጎች 8ቱን ብቻ በዚያ ቅይጥ ሠሩ። የቀሩትን 16 በአይዝጌ ብረት ተኩ። ብረቱ ኒውትሮን የሚውጠው በመጠኑ ነው። ይህ ግራጫ ዘንግ ተባለ። ወፍራም መጋረጃ ክፍሉን ያጨልማል፤ ስስ መጋረጃ ግን ብርሃኑን ብቻ ያለዝባል። ግራጫው ዘንግ እንደ ስሱ መጋረጃ ነው። ይህ አሠራር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአብዛኞቹ ሪአክተሮች ላይ ገባ።

አንድ ሌሊት፣ ከቅርብ

ከቱሉዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ጋሮን ወንዝ ዳር፣ ጎልፌሽ የሚባል ጣቢያ አለ። ሁለት የ1,300 ሜጋ ዋት ሪአክተሮች አሉት። ከሁለቱ አንዱ ማታ 4 ሰዓት ላይ ወደ ግማሽ እንዲወርድ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ እንዲመለስ ታዘዘ እንበል። ፕሮግራሙ የመጣለት ከአንድ ቀን በፊት ነው።

ኦፕሬተሩ መጀመሪያ የሚነካው በእንፋሎት እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ተርባይን ነው። ግቡን ያስገባል፦ 650 ሜጋ ዋት። ፍጥነቱንም ያስገባል። ወደ ተርባይኑ የሚሄደው የእንፋሎት ቫልቭ ቀስ እያለ ይጠባል። ሙቀቱ እንደ ቀድሞው የሚወስደው ሲያጣ፣ በሪአክተሩ ውስጥ በ155 ባር ግፊት ታፍኖ የሚዞረው ውሃ በትንሹ መሞቅ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ታግዛለች። ውሃ ሲሞቅ ይሳሳል። የሳሳ ውሃ ኒውትሮኖችን እንደበፊቱ አያዘገይም። ያልዘገየ ኒውትሮን ደግሞ ዩራኒየምን በቀላሉ አይሰነጥቅም። ስለዚህ ኃይሉ በራሱ ይወርዳል። ግራጫዎቹ ዘንጎችም ተርባይኑን እየተከተሉ እርምጃ በእርምጃ ይገባሉ። ሌላ የዘንግ ቡድን የውሃውን ሙቀት እየተከታተለ ያስተካክላል። በግማሽ ሰዓት ገደማ ሪአክተሩ ግማሽ ኃይል ላይ ነው።

ለሚያይ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስላል። ዋናው ጣጣ ግን ገና ሊጀምር ነው።

ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ከሚወለዱት ነገሮች አንዱ አዮዲን 135 ነው። ከአንድ ክምር አዮዲን በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ ዜኖን 135 ወደሚባል ጋዝ ይቀየራል። ይህ ጋዝ ኒውትሮን በመዋጥ የሚወዳደረው የለም። ሪአክተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ አያስቸግርም፤ የኒውትሮኑ ብዛት ዜኖኑን እየመታ ያጠፋዋል። ኃይሉ ሲወርድ ግን አጥፊው ይቀንሳል። ቀድሞ የተጠራቀመው አዮዲን ደግሞ መቀየሩን አያቆምም። ስለዚህ ዜኖኑ ይከመራል፤ ከ7 ወይም ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ ጣሪያ ይነካል።

ሰዓቱን ቁጠሩት። ማታ 4 ሰዓት ላይ የወረደ ሪአክተር ዜኖኑ የሚበዛበት ሊነጋ ሲል ነው። ልክ ባቡሩ የሚነሳበት፣ ዳቦ ቤቱ የሚከፈትበት፣ ሰው ሻወር የሚገባበት ሰዓት። ሪአክተሩ ተነስ በሚባልበት ሰዓት በጣም ይከብዳል።

ይህን ጠባይ ሰው ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። አሜሪካ ውስጥ ሃንፎርድ የተሠራው ሪአክተር ተነስቶ ብዙ ሳይቆይ ኃይሉ በራሱ እየወረደ ጠፋ። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኤንሪኮ ፌርሚና ጆን ዊለር ሲያጣሩ ጥፋተኛው ዜኖን ሆኖ ተገኘ።

የጎልፌሽ ኦፕሬተር መሣሪያው ቦሮን ነው። ሪአክተሩ ውስጥ በሚዞረው ውሃ ውስጥ የተሟሟ ቦሪክ አሲድ አለ፤ እሱም ኒውትሮን ይውጣል። ሌሊቱን ዜኖኑ ሲጨምር ኦፕሬተሩ ንጹሕ ውሃ እያስገባ ቦሮኑን ያቀጥነዋል። የአንዱን ጭማሪ በሌላው ቅናሽ ያካክሳል። ንጋት ላይ ትእዛዙ ሲመጣ ግራጫዎቹ ዘንጎች ይወጣሉ፤ ኃይሉ ይነሳል። ያን ጊዜ ደግሞ የተመለሰው ኒውትሮን ዜኖኑን በፍጥነት ያቃጥለዋል። አሁን ሪአክተሩ ከሚፈለገው በላይ መሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ ቦሮን መልሶ መጨመር ነው። ቀንም እንዲሁ ሲያስተካክል ይውላል። በገባው ንጹሕ ውሃ ልክ የወጣው ውሃ ተጣርቶ መያዝ አለበት። ለዚህ ነው ከፍ ዝቅ ማለት ብዙ የውሃ ሥራ የሚያመጣው።

ከእነዚህ ትልልቅ ለውጦች በላይ ሌላም ሥራ አለ። መረቡ 50 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ እየተወዛወዘ መቆየት አለበት። ለጥቃቅኑ መዋዠቅ ብዙ ሪአክተሮች በየሰከንዱ ራሳቸው 2 በመቶ ያህል ከፍ ዝቅ ይላሉ። ከዚያ ሰፋ ላለው ከማዕከል በሚመጣ ምልክት እስከ 5 በመቶ ይንቀሳቀሳሉ። ኦፕሬተሩ እጁን እንኳ አያነሳም።

ቼርኖቢልስ?

ዜኖን ሲነሳ በሶቪየት ኅብረት የፈነዳውን የቼርኖቢል ኒውክሌር ጣቢያ የማያስብ የለም። ልክም ነው። ኤፕሪል 25 ቀን 1986 አራተኛው ሪአክተር ለሙከራ ኃይሉን እየቀነሰ ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የኪየቭ ኃይል አከፋፋይ መብራቱ ያስፈልገናል፣ ቆዩ አለ። ሪአክተሩ እስከ ማታ 5 ሰዓት ድረስ በግማሽ ኃይል ቆየ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኃይሉ በድንገት ወደ ዜሮ ተጠጋ፤ ዜኖኑም ተከመረ። ኦፕሬተሮቹ መልሰው ለማንሳት ዘንጎቹን ከተፈቀደው በላይ አወጡ።

ልዩነቱ ንድፉ ላይ ነው። በዚያ ሪአክተር ውሃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ኃይሉ ይጨምር ነበር። ጎልፌሽ ላይ ግን ከላይ እንዳልኩት ውሃው ሲሞቅ ኃይሉ ይቀንሳል። ደግሞም የፈረንሳዩ ኦፕሬተር ዜኖኑ ጣሪያ የሚነካበትን ሰዓት ቀድሞ ያውቃል፤ ፕሮግራሙ የተሠራው ያን ተቆጥሮ ነው። ቼርኖቢልን ጠቅሶ የትኛውም ሪአክተር ፍላጎትን መከተል የለበትም ማለት ትክክል አይመስለኝም። ያለ ዝግጅት፣ በስልክ ትእዛዝ፣ ለዚያ ባልተሠራ ሪአክተር መከተል ግን አደጋ ነው። ቼርኖቢል ይህን በሰው ሕይወት ነው ያሳየው።

ሁሉም በአንድ ላይ አይወርዱም

ነዳጁም የራሱ ገደብ አለው። የዩራኒየሙ ፍሬ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የተደረደረበት የዚርኮኒየም ቱቦ ግድግዳ ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ኃይል ሲጨምር ፍሬው ያብጣል፤ ቱቦውን ከውስጥ ይገፋዋል። ሪአክተሩ ለብዙ ቀን ዝቅ ብሎ ከከረመ በኋላ በድንገት ከተነሳ ቱቦው ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ዝቅ ብሎ የሚቆይበት ጊዜ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። አዲስ ነዳጅ የገባለት ሪአክተርም መጀመሪያ ረጋ ብሎ መሥራት አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የዑደቱ፣ ማለትም ከአንድ ነዳጅ መሙላት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ፣ መጨረሻ ነው። ነዳጁ እየደከመ ሲሄድ ቦሮኑም አብሮ እየተቀነሰ፣ በመጨረሻ ውሃው ውስጥ ምንም ያህል አይቀርም። ያን ጊዜ ኦፕሬተሩ ዜኖኑን የሚያካክስበት መሣሪያ የለውም። ትንሽ ለማቅጠን እንኳ እጅግ ብዙ ውሃ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ሪአክተር ቀጥ ብሎ እንዲሠራ ይተዋል።

የፈረንሳይ ጥበብ የሚታየው እዚህ ነው። ሪአክተሮቹ ነዳጅ የሚሞሉት በየ12 ወይም 18 ወሩ ገደማ ነው፤ ሁሉም በተለያየ ጊዜ። ስለዚህ በማንኛውም ሌሊት መሀል ዑደት ላይ ያሉ፣ መውረድ የሚችሉ አይጠፉም። ያረጀ ነዳጅ የያዙት ቀጥ ይላሉ፤ ሌሎቹ ይወርዳሉ። የኤሌክትሪክ ኩባንያው ኢዴኤፍ አንድ ሪአክተር በቀን ሁለት ጊዜ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እስከ 80 በመቶ ኃይሉን መቀየር ይችላል ይላል። ይህ የአቅም ጣሪያ ነው። በተግባር አብዛኛው ለውጥ ከዚያ የለሰለሰ ነው።

ትልቁ ፍላጎትን የመከተል ሥራ ደግሞ የሚሠራው በካላንደር ነው። ጥገናና ነዳጅ መሙላት የሚመደበው በአብዛኛው ሙቀት ባለባቸው ወራት ነው። ብርዱ ሲገባ ሪአክተሮቹ ተመልሰው ይጠብቃሉ። መጠበቅም አለባቸው። ብዙ ቤት በኤሌክትሪክ ስለሚሞቅ በብርዱ ወራት አየሩ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፍላጎቱ 2,400 ሜጋ ዋት ገደማ ይጨምራል። ሁለት ትልልቅ ሪአክተሮች ማለት ነው፣ ለአንድ ዲግሪ። ሌሊት ዝቅ ብሎ የቆጠበው ነዳጅም አይባክንም፤ ዑደቱን አራዝሞ ለብርዱ ይውላል።

ውሃም አለ። አልፕስ ተራሮች ላይ ግራንሜዞን የሚባል 1,800 ሜጋ ዋት የሚደርስ ጣቢያ ሌሊት በተረፈው ኃይል ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቀን መልሶ ይለቀዋል። የቀረው ለጎረቤት ይሸጣል። በ2024 ፈረንሳይ ከገዛችው በላይ 89 ቴራ ዋት ሰዓት ሸጣለች፤ በወቅቱ ክብረ ወሰን ነበር።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን አንድ እርምጃ ልራመድ። በሴፕቴምበር 2025 የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ በዚያው ወር ኢትዮጵያ ከሩሲያው የኒውክሌር ኩባንያ ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ጣቢያ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራረመች። የእኛ መረብ ከሞላ ጎደል በውሃ ነው የሚሠራው። የውሃ ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዜኖን አያውቅም። ምሽት ላይ ምጣድ ሁሉ ሲለኮስ የሚነሳውን ፍላጎት ግድቡ ሊሸከም ይችላል፤ ሪአክተር ቢመጣ ቀጥ ብሎ ይሥራ። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። በተለምዶ አንድ ሪአክተር ከመረቡ አቅም ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድንገት ቢጠፋ አገሩን ሁሉ ይዞ እንዳይወድቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መነጋገር ያለብን በሪአክተሩ መጠን ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፀሐይ ስትመጣ

ፈረንሳይ ውስጥ ለአርባ ዓመት የተለመደው ሌሊት መውረድ፣ ንጋት መነሳት ነበር። አሁን ተቀይሯል። በ2024 መጨረሻ የፀሐይ ኃይሏ 24 ሺህ ሜጋ ዋት ገደማ ደርሷል። ፀደይ ላይ፣ ፀሐያማ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ኤሌክትሪክ ይትረፈረፋል። በ2024 ለ359 ሰዓታት የገበያ ዋጋው ከዜሮ በታች ነበር፣ ማለትም ሻጩ ራሱ እየከፈለ ነበር የሚሸጠው፤ በ2023 ግን 147 ሰዓት ብቻ ነበር። ሪአክተሮቹ አሁን እኩለ ቀን ላይ ይወርዳሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በፍጥነት ይነሳሉ። አንዳንድ ቅዳሜና እሑድ ጨርሰው የሚቆሙም አሉ።

ይህ ሪአክተሮቹን ያደክማል ወይ? ጥያቄው በሠራተኞቹ መሀል በቁም ነገር ይነሳል፤ መነሳትም አለበት። ቫልቮች፣ ፓምፖችና ተርባይኖች ከቀጥተኛ ሥራ ይልቅ በመውጣት መውረድ የበለጠ ይለፋሉ። በ2021 መጨረሻ ሲቮ በሚባል የኒውክሌር ጣቢያ ላይ በቧንቧዎች ላይ ስንጥቅ ሲገኝና በ2022 የኒውክሌር ምርቱ ወደ 279 ቴራ ዋት ሰዓት ሲያሽቆለቁል፣ ብዙዎች ጣታቸውን ወደዚህ ቀስረው ነበር። ምርመራው ግን በዋናነት የጠቆመው የቧንቧዎቹን አቀማመጥና ቅርጽ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ሚዛናዊው መልስ ይህ ነው፦ መከተሉ ሪአክተርን አይሰብርም፤ ጥገናው ግን በነጻ አይመጣም። ያን ወጪ ማን እንደሚከፍል እስካሁን በደንብ አልተነጋገሩበትም።

በሌላ በኩል ፍላጎቱን ራሱን የማንቀሳቀስ ሥራም ተጀምሯል። ፈረንሳይ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች የውሃ ማሞቂያ ታንከር አላቸው። ለአሥርት ዓመታት ማሞቂያዎቹ የሚበሩት በርካሹ ታሪፍ፣ በአብዛኛው ሌሊት ነበር። በመብራት መስመሩ ላይ የ175 ኸርዝ ምልክት ይላክ ነበር፤ ቆጣሪው ሲሰማ ማሞቂያው ይበራ ነበር። ይህ የተደረገው ሪአክተሮቹ ሌሊት ብዙ እንዳይወርዱ ነው። ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ግን 11 ሚሊዮን ለሚሆኑ ደንበኞች ርካሹ ሰዓት ደረጃ በደረጃ እየተቀየረ ነው። ከፊሉ ወደ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል፤ ሥራው እስከ 2027 ይቆያል። ማሞቂያው በፀሐይ ሰዓት ከሠራ ጎልፌሽና መሰሎቹ እኩለ ቀን ላይ የሚወርዱት ያነሰ ይሆናል፤ ማታ ለመነሳት የሚጠበቅባቸው ዳገትም ያጥራል።